ገመድ ያዡ ሾፌር

ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ አሊዪን የማያውቅ ሾፌር ካለ፣ ወይ መንጃ ፈቃዱን ትናንት የተቀበለ ነው፣ ወይ ሸዋ ሮቢት ላይ ወርዶ ምሳ በልቶ አያውቅም። አሊዪ ዕድሜውን የጨረሰው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሽንኩርት ጭኗል፣ ቲማቲም ጭኗል፣ ማሾና ሲሚንቶ ጭኗል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሙሽራ ዕቃ ከነሙሽራዋ ጭኖ ከጀውሃ ሰንበቴ አድርሷል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከአሊዪ ጋር እኩዮች ነን። የስፌት መኪናዬ የምትቆመው በሸዋ ሮቢት ገበያ መንገድ፣ ከባለቤቱ ከሰሊማ የሽንኩርት መደብር ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ ነው። ስለዚህ የማወራላችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ሰሊማ ነግራኛለች። ሰሊማ የምትነግረው ወሬ ጨው ይበዛበታል እንጂ ውሸት የለበትም።

አሊዪ የተወለደው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የቆላ መንደር ነው። አባቱ ማሽላና ማሾ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ፤ ልጃቸው ተምሮ ሰው እንዲሆንላቸው ቁርአን ቤት አስገቡት። ልጁ ዓይኑ ከሰሌዳው፣ ጆሮው ከአስፋልቱ ላይ ነበር። መኪና ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ በድምፁ ብቻ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ጭነት ይኑረው አይኑረው ለጓደኞቹ ይናገራል። ሼሁ ቢመክሩት ቢመክሩት አልሆነላቸውም፤ በመጨረሻ ለአባቱ፣ "ይኼ ልጅ የሚቀራው ሞተር ነው፤ ወደ ባለሙያው ውሰደው" አሏቸው።

ባለሙያው አንድ የተሳቢ ሾፌር ሆኖ ተገኘ። አሊዪ ረዳት ሆኖ ተሳፈረ። ጎማ ማውለቅ፣ ሸራ ማሰር፣ ከመኪናው በታች መተኛት ተማረ። ጣርማ በር ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ከመኪናው ቀድሞ በእግሩ እየሄደ፣ በእጁ የመንገዱን ጠርዝ እያሳየ፣ ሾፌሩን ከዋሻው አፍ የሚያደርሰው እሱ ነበር። የቆላ ልጅ ብርድ አያውቅም፤ አንድ ቀሚስ የመሰለ የሾፌሩን ካፖርት ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ሲወርድ ዓመታት አለፉና መንጃ ፈቃድ አወጣ። በኋላም ከወንድሙ ጋር ሆኖ አንድ ያረጀ አይሱዙ ገዛ።

ከሰሊማ ጋር ያገናኘችውም ያችው አይሱዙ ናት። ሰሊማ ያኔ የአባቷን ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ መላክ የጀመረች ወጣት ነበረች። ጭነቱ ተጭኖ ሸራው ሊታሰር ሲል መጥታ መኪናውን ዞራ አየችው።

"ቲማቲሙን ከታች ያደረግከው ለምንድን ነው?" አለችው።

"እህቴ፣ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ የማደርሰውም እኔ ነኝ።"

"የምታደርሰው ድልህ ከሆነ ቀድመህ ንገረኝ፤ በጀሪካን ልስጥህ።"

ረዳቶቹ ሁሉ ሳቁ። አሊዪ አልሳቀም፤ ግን ሽንኩርቱን አወረደ፣ ቲማቲሙን ወደ ላይ አወጣና እንደገና ጫነ። በዚያው ዓመት ሽማግሌ ላከ። አባቷ "ልጄ ምላሷ ስለታም ነው፣ አስበህበታል ወይ?" ብለው ቢያስጠይቁት፣ "አይቼዋለሁ፤ ያለ እሱ ጭነቴ አይደርስም" ብሎ መለሰ ይባላል። ይህቺኛዋን የነገረችኝ ሰሊማ ናት።

አሊዪ በመንገድ ሕይወቱ አንድ የጠላው ነገር ቢኖር ገመድ ነው። ኬላ ላይ የሚወጠረውን ገመድ ማለቴ ነው። ዝናብም፣ ጉምም፣ ቁልቁለትም የአላህ ናቸው፤ ገመድ ግን ሰው የሠራው ነው ይላል። በተለይ አዲስ አበባ ጫፍ ላይ የጭነት መኪና መግቢያ ሰዓት እስኪደርስ ቆሞ፣ ቲማቲሙ ከኋላው እየቀላ፣ እየለሰለሰ፣ ውሃ እያወጣ ሲጠብቅ የተሰማው ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣለትም።

መንዳት ያቆመው በጉልበቱ ምክንያት ነው። የጣርማ በርን አቀበት ስንት ሺህ ጊዜ ፍሪሲዮን እየረገጠ የወጣ ግራ ጉልበት አንድ ቀን እምቢ አለው። በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ያ ክፉ ጊዜ ካለፈ በኋላ መኪናዋን ሸጠና ቤት ገባ። የድርሻውን ገንዘብ ሰሊማ መደብሯን አሰፋችበት። እሱ ደግሞ ከመደብሩ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ሽርጡን ሰብስቦ ተቀመጠ።

መቀመጥ ግን አልቻለበትም። የገበያችንን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። መንገዱ ሁለት መኪና በወጉ አያስተላልፍም። በግራም በቀኝም መደብር ነው። ከእያንዳንዱ መደብር ደጃፍ አንድ አይሱዙ ቂጡን ሰጥቶ ያራግፋል። በመሃል ባጃጅ ይሽሎከለካል፣ የፈረስ ጋሪ ይገባል፣ ገበሬው አህዮቹን ይዞ ይመጣል። ከዚያ አንድ ተሳቢ ከዋናው መንገድ ታጥፎ ይገባና ሁሉም ነገር ይቆማል። ሞተሩ አይጠፋም፤ ጭሱ ወደ እኔ በረንዳ ይገባል። የሰፋሁትን ነጭ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጥቤ ያስረከብኩበት ቀን ብዙ ነው።

ያኔ አሊዪ ከወንበሩ ይነሳል። ክላክስና ስድብ መሃል ገብቶ፣ "አንተ ወደ ኋላ፣ ግባ፣ ግባ፣ ግባ፣ ቁም። አንተ ግራ ያዝ። ባጃጅ፣ አንተ ዝንብ ነህ ወይስ መኪና? ቦታ ያዝ" እያለ ይፈታታዋል። ሾፌሮቹ ይሰሙታል። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የሚሳደቡት እንኳ እሱን ሲያዩ "እሺ ጋሼ" ብለው ማርሽ ያስገባሉ።

ይህን ያየችው የከተማው የትራንስፖርት ጉዳይ ኃላፊ በላይነሽ ናት። በላይነሽ የአጣዬ ልጅ ናት፤ ሥራዋን የያዘችው በቅርቡ ነው። ከጥቂት ሳምንት በፊት ጀምሮ በገበያው መንገድ እየተመላለሰች መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ማን ለማን እንደሚያራግፍ ትጠይቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ አሊዪ መጣችና አጠገቡ ቆመች።

"ጋሼ አሊዪ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው" አለችው።

"እዘዢ ልጄ።"

"የጭነት መኪና ቀን ቀን ወደ ገበያው እንዳይገባ ልናደርግ ነው። ከከተማው መግቢያ ያለው ሜዳ ላይ ያራግፋል። ከዚያ በጋሪና በጭነት ባጃጅ ወደ መደብሮቹ ይገባል። ማታ መንገዱ ክፍት ነው።"

"ጥሩ" አለ አሊዪ፤ ጥሩ ያለው ግን ለጨዋነት ነው።

"እዚያ ቆሞ ሾፌሩን የሚያስተናግድ ሰው ያስፈልገናል። ደንብ አስከባሪ ባቆም ይጣላሉ። ለእርስዎ ግን ይታዘዛሉ።"

"ምን ይዤ ነው የምቆመው?"

"ገመድ" አለችው።

አሊዪ ሳቀ፤ እኔም ከበረንዳዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። "ጋሼ፣ ገመዱን የሚይዘው ገመድ የሚጠላ ሰው ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው" አለች። "የሚወደው ሰው ከያዘው መኪና ያለ ምክንያት ይቆማል።"

ይህ ነገር አሊዪን ያዘው። ማታ ሲተኛም አልለቀቀው መሰለኝ፣ በማግስቱ እሺ አለ።

ሰሊማ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። ቀና አለችና አየችው። "ሽንኩርቴን ከሜዳ ላይ አውርደህ በጋሪ ልታስጭነኝ ነው?" አለችው።

"የከተማው ሕግ ነው።"

"የማወርድበት እከፍላለሁ፣ የምጭንበት እከፍላለሁ፣ እንደገና የማወርድበት እከፍላለሁ። ሽንኩርት በተነካ ቁጥር ይቆስላል። ይኼን አንተ ሳታውቅ ቀርተህ ነው?"

"ለሁሉም ሰው ነው ሰሊማ።"

"አወቅሁዎ" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን አንቱ ማለት ያዘች። በጋብቻ ዘመናቸው ሁሉ አንተ እያለች የኖረች ሴት፣ "ምሳዎ ቀርቧል"፣ "ሽርጥዎ ታጥቧል"፣ "ባለሥልጣን ይቅደም" እያለች ቤቱን ቢሮ አደረገችው። አሊዪ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ እንደ ሎሚ ተጨማዶ ነበር። "ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ።

ገመዱ በተወጠረበት የመጀመሪያ ቀን እኔም ሥራዬን ትቼ ሄድኩ፤ የሄድኩት ብቻዬን አይደለም። ነጋዴው፣ ባለጋሪው፣ ባለባጃጁ ሜዳው ዳር ተሰብስቧል። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ የሰሊማ ጭነት ሲመጣ አሊዪ ምን ያደርጋል?

መጣ። ከመስኖ ማሳው የተጫነ ሽንኩርት ነው። ሰሊማ ራሷ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣለች። መኪናው ከገመዱ ፊት ቆመ።

"ይክፈቱልን" አለች በመስኮት።

"ወደ ሜዳው ግቡ" አለ አሊዪ።

"መደብሬ እዚያ ነው፤ ይታየኛል።"

"ለእኔም ይታየኛል። ወደ ሜዳው ግቡ።"

ሾፌሩ አንዴ ባልን፣ አንዴ ሚስትን እያየ መሪውን ያዘ። ሰሊማ በሩን ከፍታ ወረደች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከሰው ሁሉ ፊት ጮክ ሳትል፣ "ለሚስቱ ያልከፈተ ለማንም አይከፍትም፤ አውርዱ" አለች። ይህን ያለችው ለማሽሟጠጥ ይሁን ለማመስገን እስካሁን አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ከዚያ ቀን በኋላ ገመዱ ላይ የተከራከረ ነጋዴ አለመኖሩ ነው።

ሽንኩርቱን ወደ መደብሩ የወሰደው ዘላለም ነው። ዘላለም የባለጋሪዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ነው፤ ሳቂታ ሰው ነው፣ ፈረሱንም ሰው እንደሚያወራው ያወራዋል። ያን ቀን ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቀ ነበር። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪ ሞተ ተብሎ ነበርና፣ ከሞት የተነሳ ሰው መምሰሉ አይፈረድበትም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መንገዱ ሌላ መንገድ ሆነ። ከበረንዳዬ ሆኜ ማዶ ያለውን ሰው በስሙ ጠርቼ ስናወራ መሰማማት ጀመርን። ባጃጆቹ ከዳር እስከ ዳር ሲመላለሱ ውለው ነዳጃቸው እንደተረፋቸው ያወራሉ። ከገጠር የሚመጡ እናቶች ልጅ አዝለው መሃል መንገድ ላይ መሄድ ደፈሩ፤ ለመለካት የሚገቡልኝም ደንበኞች በዙ። ሾፌሮቹም ቢሆኑ፣ መጀመሪያ የተሳደቡት ሁሉ፣ ሜዳው ላይ ቶሎ አራግፈው ገና በጠራራ ፀሐይ የጣርማ በርን ዳገት መያያዝ ሲችሉ ዝም አሉ። በፊት ተራ ሲጠብቁ ይመሽባቸውና ጉም ውስጥ ይገቡ ነበር።

ግን የሰሊማም ነገር እውነት ነበር። ባለጋሪ ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ዘላለምና ጓደኞቹ ዋጋ ጨመሩ። ነጋዴው የጨመረበትን በሽንኩርቱ ላይ ጨመረ። እናቶች ሽንኩርት ሲገዙ "መንገዱ ሰፋ፣ ዋጋውም ከመንገዱ ጋር ሰፋ ወይ?" ይላሉ። ከእኔ ጎን ምሳ ቤት ያላት ትዕግሥት ደግሞ ሾፌሮቿን አጣች። ወጧን ሠርታ፣ ጠረጴዛዋን ወልውላ ትጠብቃለች፤ ሾፌሩ ሜዳው ላይ ዳቦ በሻይ በልቶ ይሄዳል። "ድስቴን ተሸክሜ ከመኪና ኋላ አልሮጥም" አለች፣ ሜዳው ላይ ቦታ ውሰጂ ሲሏት።

አሊዪ ይህን ሁሉ ይሰማል። ሲያሸንፉ የሚኮሩ ሰዎች አሉ፤ እሱ እንደዚያ አልሆነም። ምሳውን ከትዕግሥት ቤት መብላት ጀመረ፤ ጓደኞቹንም ይጎትታል። አንድ ሰው ግን ስንት ምሳ ይበላል?

ከዚያ መጋቢት ገባ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ጾመኛ ነው፤ ሽንኩርት ፈላጊው በዛ፣ ሙቀቱም በዛ። የመስኖው ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ደረሰና መኪና በመኪና ላይ መጣ። ሜዳው ሞላ። ባለጋሪዎቹ በጠዋት የቻሉትን ያህል አመላለሱ። ቀትር ላይ ግን ሰውም ፈረስም ደከመ። ዘላለም ፈረሱን ፈትቶ ግራር ሥር አቆመው። "ይኼም ጾመኛ ሆኗል፤ ገለባ ተወዷል" አለ።

የሰሊማ ሽንኩርት ሜዳው መሃል ወርዶ ቀረ። ጠዋት የተነቀለ፣ ገና ያልደረቀ ሽንኩርት ነው። ጥላ የለም። ሰሊማ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከጆንያዎቹ አንዱ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። አሊዪ ገመዱ ጋ ቆሞ ያያታል። የቀትር ሶላቱን፣ ዙሁርን፣ ሰግዶ ሲመለስ እዚያው ናት። ወደ ዘላለም ሄዶ ለመነው፤ ዘላለም ፈረሱን አሳየው። በባጃጅ ጥቂት ጆንያ አስኬደ፤ የቀረው ቀረ። ሄዶ አጠገቧ ቆመ።

"ግቢ ሰሊማ፤ እኔ እጠብቅልሻለሁ። ሙቀቱ ይጎዳሻል።"

"እኔ እንኳ ወደ ቤቴ መግባት እችላለሁ" አለችው። "ሽንኩርቱ ነው ያልተፈቀደለት።"

አሊዪ ጆንያ ስቦ ጎኗ ተቀመጠ፤ ጥላዋን ወደ እሱም ዘንበል አደረገችለት። ሁለቱ እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ምሽት ላይ አዛን ሲባል እዚያው ጾማቸውን በቴምር አፈጠሩ።

ሽንኩርቱ ተበላሸ። ሁሉም ባይሆን ብዙው ላቡን አውጥቶ ለሰለሰ። በማግስቱ ጠዋት ሰሊማ ከዚያ ከተበላሸው አንድ ፌስታል ሙሉ ይዛ ወደ በላይነሽ ቢሮ ሄደች፤ አሊዪንም "ይከተሉኝ" አለችው። ተከተላት። ሰሊማ ፌስታሉን ከጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ሽታው ቢሮውን ሞላው።

"እትዬ ሰሊማ፣ ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት ይቻላል?" አለች በላይነሽ፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ።

"አይቻልም። እኔም ትናንት ከሜዳው ላይ ማንሳት አልተቻለኝም ነበር።"

በላይነሽ አንዱን ሽንኩርት አንስታ ጫን አለችው፤ ጣቷ ገባ። "መንገዱን አሰብኩ እንጂ ጥላውን አላሰብኩም" አለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?"

ሰሊማ ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር የሄደችው። የምትከራከረው ስታጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሦስቱ እስከ ቀትር እዚያ ቢሮ ውስጥ ከሽንኩርቱ ጋር ዋሉ።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ነጋዴ፣ ሾፌር፣ ባለጋሪ፣ ባለባጃጅ፣ እኔም እንደ መንገዱ ነዋሪ ገባሁ። በላይነሽ መጀመሪያ የተናገረችው ሕጉ እንደማይነሳ ነው፤ ቀጥላ ግን ምን እንደሚስተካከል ጠየቀች። አሊዪ ተነሳ።

"እኔ ቲማቲም ከኋላዬ እየቀለጠ ገመድ ሥር የቆምኩ ሰው ነኝ" አለ። "ለሲሚንቶና ለሽንኩርት አንድ ሰዓት አይሠራም። ሲሚንቶ ይጠብቃል። አትክልት የጫነ ጎህ ሲቀድ ይግባ፤ ገበያው ሳይነቃ አራግፎ ይውጣ። የዘገየ ብቻ ሜዳው ላይ ይውረድ።"

ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ሰሊማ ተነሳች፤ ዓይኗ ዘላለም ላይ ነበር።

"አንተ ጋሪ ሙሉ ሽንኩርት ለእኔ ታመጣለህ። ስትመለስ ምን ይዘህ ነው የምትመለሰው?"

"ባዶዬን ነው እትዬ።"

"ከእኔ ጎን ያለው ነጋዴ አብዱልመሊክ ማሾና ማሽላ ወደ ሜዳው የሚያወጣበት ጋሪ ሲፈልግ ይውላል። እሱ የሚይዘው ጋሪ ደግሞ ባዶውን መጥቶ ነው የሚጭንለት። እኔ ለባዶ መመለስህ እከፍላለሁ፣ እሱ ለባዶ መምጣትህ ይከፍላል። ሁለታችንም ለአየር ነው የምንከፍልህ።"

አዳራሹ ሳቀ። አብዱልመሊክ ከኋላ "ወላሂ እውነቷን ነው" አለ።

ዘላለም ራሱን አከከ። "ደርሶ መልስ ጭነት ካገኘሁ ዋጋውን እቀንሳለሁ" አለ። "ግን ጭነቱን ማን ያገናኝልኛል? እኔ ከመደብር መደብር ስዞር ፈረሴ ይሞታል።"

ሁሉም ወደ አሊዪ ዞረ። ገመዱን የሚይዘው እሱ ነው፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚያየው እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ገመድ ያዡ የጭነት አገናኝ ሆነ።

ጥላው ለመሠራት ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ። ማዘጋጃ ቤቱ ቆርቆሮውን አመጣ፣ ነጋዴው አውራጅና እንጨት አዋጣ፤ ምሰሶው የት ይተከል በሚለው ላይ ብቻ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። መጨረሻ ላይ አሊዪ አይሱዙ ምን ያህል ዞሮ እንደሚገባ በእግሩ ተራምዶ አሳየና ተተከለ። የጋሪ ዋጋም በሰሌዳ ተጽፎ ተሰቀለ።

ሽንኩርቱ ርካሽ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። የማውረድና የመጫኑ ወጪ እስካሁን አለ። ግን የሚበላሸው ቀነሰ፣ ጋሪውም ባዶ አይሄድም፤ ሰሊማ እንደምትለው ኪሳራው ከጆንያ ወደ እፍኝ ወርዷል። ጫኝና አውራጆቹ ሥራ በዝቶላቸዋል። ትዕግሥት አልተካሰችም። አሁን ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ቁርስ ትሠራለች፤ እነሱ ግን እንደ ሾፌሮቹ ጠግበው አይበሉም፣ ሻይ ይዘው ይቆያሉ። አሊዪ በገባ ቁጥር ይህንኑ ትነግረዋለች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሁለተኛ ሳህን ያዛል። ጉልበቱ ላይ ሸክም መጨመሩን ሐኪሙ ነግሮታል።

ሰሊማ አንተ ማለት የጀመረችው መቼ እንደሆነ በትክክል አላውቅም። አንድ ጠዋት ከበረንዳዬ ሆኜ "አንተ፣ ያን ጆንያ ወደ ጥላ አስገባው" ስትል ሰማኋት፤ አሊዪ በጉልበቱ እያነከሰ ሲሮጥ ፊቱ የሠርግ ፊት ነበር።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ በላይነሽ ሁለቱንም ወደ አጣዬ ወሰደቻቸው። አጣዬ በግጭቱ ጊዜ ከደረሰባት ቃጠሎ በኋላ ገበያዋን እየሠራች ነው፤ የአገሯ ሰዎች እኛ ዘንድ የተደረገውን ሰምተው "ምን ያህል ያስወጣል፣ ምን ያስገኛል?" ብለው ጠይቀዋት ነበር። አሊዪ በአዲስ ኮፍያ፣ እኔ በሰፋሁለት ኮት ሄደ። በዚያ ሙቀት ኮት አታድርግ ብዬው እምቢ አለ።

ስብሰባው ላይ አሊዪን አስነሱት። ስለ ሾፌሩ፣ ስለ መዞሪያው፣ ስለ ሰዓቱ ደህና አድርጎ ተናገረ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ "እኛ ሱቃችንን ከአመድ ነው ያነሳነው። ተጨማሪ ወጪ የምንሸከምበት ጀርባ የለንም። እውነቱን ንገሩን፣ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?" አሉ።

አሊዪ አፉን ከፍቶ ወደ ሰሊማ ዞረ። ሰሊማ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ መለሰች።

"ያዋጣል አባባ፤ ግን ወጪው የሚቀድመው ለነጋዴው ነው። ጥቅሙ ቆይቶ ለሁሉም ይደርሳል። ስለዚህ እስኪደርስ ድረስ ነጋዴውን ብቻውን አትተዉት። ገመዱን ከመዘርጋታችሁ በፊት ጥላውን ሥሩ፣ ጋሪውን አደራጁ። እኛ ዘንድ ተገላብጦ ነው የተሠራው፤ ሽንኩርቴ ከፍሎበታል።"

በላይነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ሽማግሌውም "ይኼ ይገባል" ብለው ተቀመጡ።

ስብሰባው ሲያልቅ አሊዪ ቶሎ ለመመለስ ቸኩሎ መናኸሪያ ገባና ሁለት ቦታ ያዘ። ሰሊማ አልመጣችም። አውቶብሱ ሞላ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አሊዪ ሾፌሩን፣ "ልጄ፣ ባለቤቴ ገበያ ገብታለች፤ ትንሽ ታገሰኝ" አለው። ሾፌሩ በመስተዋት አየውና አወቀው፤ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። አሊዪ ኮቱን አውልቆ፣ ላቡን እየጠረገ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲጠብቅ ሰሊማ ከአንዲት የአጣዬ በርበሬ ነጋዴ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ብቅ አለች። ከኋላቸው ተሸካሚ ሁለት ጆንያ በርበሬ ይዞ ይከተላል።

"ምንድን ነው ይኼ?" አላት አሊዪ።

"ሽንኩርት ወደዚህ ልልክ ተስማምተናል። መኪናው ሲመለስ በርበሬ ይጭናል" አለችና ረዳቱን፣ "ከላይ አድርገው፤ ከሥር እንዳይጨፈለቅ" ብላ ገብታ ተቀመጠች።

አውቶብሱ ከአጣዬ ወጣ። ሰንበቴን ሳይደርሱ ስለ በርበሬው ዋጋ፣ ስለ ነጋዴዋ ጨዋነት፣ ሽንኩርቱን በየትኛው ቀን እንደምትልክ ስታወራ፣ አሊዪ አንድ ሁለቴ "እሺ" አለና ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው።